የስለላ ተቋማት «የውጭ እጅ አለበት» ሲሉ ምን ያህል እንመን?

[በስክሪኑ ላይ፦ የሰነዱ የመጀመሪያ ገጽ]

ጃንዋሪ 6 ቀን 2017 የአሜሪካ ብሔራዊ የስለላ ዳይሬክተር ጽሕፈት ቤት 25 ገጽ ያለው ሰነድ ለሕዝብ ይፋ አደረገ። በዚህ ቪዲዮ የምንጠቅሳቸው ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሰነዱ የሩሲያው ፕሬዚዳንት ቭላድሚር ፑቲን ከሁለት ወራት በፊት በተካሄደው የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ላይ ያነጣጠረ ዘመቻ እንዲካሄድ ማዘዛቸውን፣ ዓላማውም ሕዝቡ በምርጫው ላይ ያለውን እምነት መሸርሸርና የሂላሪ ክሊንተንን ስም ማጉደፍ እንደነበር፣ ሞስኮም ለዶናልድ ትራምፕ ታደላ እንደነበር ይናገራል። ማስረጃውን ፍለጋ ገጾቹን የሚያገላብጥ አንባቢ ግን ብዙ ነገር አያገኝም። ዝርዝሩ ያለው በምስጢራዊው ቅጂ ውስጥ መሆኑን፣ ምንጮችና የመረጃ ማሰባሰቢያ ዘዴዎች እንዳይጋለጡ ሲባል ለሕዝብ የቀረበው ቅጂ ደጋፊ መረጃዎቹን በሙሉ እንደማይዝ ሰነዱ ራሱ ይነግረናል። ከገጾቹ 7ቱ ደግሞ አርቲ ስለተባለው የሩሲያ መንግሥት ቴሌቪዥን የሚያትት አባሪ ሲሆኑ፣ አባሪው የተጻፈው ምርጫው ከመካሄዱ 4 ዓመት ቀደም ብሎ በ2012 ነው። ማንም ሰው ቤቱ ተቀምጦ ሊያየው የሚችለውን ጣቢያ መተንተን፣ ስለ ምስጢራዊ ዘመቻ ማስረጃ ለሚሻ አንባቢ እምብዛም የሚያጠግብ አይደለም።

እንግዲህ ማስረጃውን የማያሳይ ተቋም «እመኑኝ» ሲል ዜጋው ምን ያድርግ? የሰላይ ሥራው መዋሸት ነው ብሎ ጆሮውን የሚደፍን አለ፤ እኛ የማናውቀውን ያውቃሉ ብሎ እንዳለ የሚቀበልም አለ። የዚህ ቪዲዮ አቋም ከሁለቱም የተለየ ነው፤ ማመንም ሆነ መጠራጠር ያለብን ተቋሙን በጅምላ ሳይሆን፣ የተናገረውን ነገር በየክፍሉ እየፈታን ነው።

የጥርጣሬው መነሻ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በኦክቶበር 2002 የአሜሪካ የስለላ ተቋማት ኢራቅ ኬሚካላዊና ባዮሎጂያዊ የጦር መሣሪያ እንዳላት፣ የኑክሌር ፕሮግራሟንም እንደገና እንደጀመረች የሚገልጽ ግምገማ አቀረቡ። ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2003 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኮሊን ፓወል፣ የሲአይኤ ዳይሬክተር ጆርጅ ቴኔት ከኋላቸው ተቀምጠው፣ ይህንኑ ለተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት አስረዱ። ስለ ተንቀሳቃሽ የባዮሎጂያዊ መሣሪያ ማምረቻዎች የተናገሩት በዋናነት የተቀዳው፣ የጀርመን የስለላ ድርጅት ካነጋገረውና «ከርቭቦል» የሚል የምስጢር ስም ከወጣለት አንድ ኢራቃዊ ስደተኛ ነበር፤ ሰውየው ከዓመታት በኋላ መዋሸቱን አምኗል። ጦርነቱ ተካሄደ፤ የተባለው መሣሪያ አልተገኘም። ጉዳዩን የመረመረው ፕሬዚዳንታዊ ኮሚሽንም በ2005 ባወጣው ሪፖርት፣ የስለላ ማኅበረሰቡ ስለ ኢራቅ መሣሪያ የሰጣቸው ግምገማዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ፈጽሞ የተሳሳቱ እንደነበሩ ደመደመ።

ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ይህን ስህተት ብቻ ነው፤ ለያዝነው ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነገር ነው። በምስጢራዊው ግምገማ ውስጥ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ የስለላ ክፍል የኑክሌሩን ድምዳሜ እንደማይቀበል በጽሑፍ አስፍሮ ነበር። የሴኔቱ የስለላ ኮሚቴ በ2004 እንዳረጋገጠው፣ ለሕዝብ ተብሎ በታተመው ነጭ ወረቀት ላይ «እንገምታለን» የሚሉ ቃላት ሳይቀሩ ወጥተው፣ ግምት የነበረው ሁሉ የተረጋገጠ ሐቅ መስሎ ቀረበ። አንድ ሰነድ ለሕዝብ እንዲሆን ሲቀነስ የሚወጣው የሰላይ ስም ብቻ እንዳይመስለን፤ የባለሙያው ማመንታትም አብሮ ሊወጣ ይችላል።

[በስክሪኑ ላይ፦ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ኢሜይሎች፣ ጁላይ 2016]

ወደ 2016ቱ ምርጫ እንመለስ። «ሩሲያ ጣልቃ ገብታለች» የሚለው አባባል አንድ ዓረፍተ ነገር ቢመስልም አራት የተለያዩ ነገሮችን አጭቆ ይዟል፦ ኢሜይሎች ተሰርቀዋል፣ የሰረቁት የሩሲያ ጦር ሰላዮች ናቸው፣ ይህን ያደረጉት ትራምፕ እንዲያሸንፉ ፈልገው ነው፣ በዚህም የተነሳ ውጤቱ ተለውጧል። የመጀመሪያው አያከራክርም፤ ምስጢራዊ ሰነዶችን የሚያሳትመው ዊኪሊክስ ጁላይ 22 ቀን 2016 የዴሞክራቲክ ፓርቲውን ኢሜይሎች ለዓለም ዘርግቷቸዋል። ከዚያ ወዲያ በተራመድን ቁጥር ግን ማስረጃው እየሳሳ፣ የፖለቲከኛው ድምፅ እየጎላ ይመጣል።

ሰራቂው ማን ነው በሚለው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ምክንያቱም ከ2017ቱ ሰነድ በኋላ ብዙ ነገር የወጣው እዚህ ላይ ነው። ጁላይ 13 ቀን 2018 ልዩ መርማሪው ሮበርት ሙለር ጂአርዩ በተባለው የሩሲያ ጦር የስለላ ድርጅት ውስጥ በሚሠሩ 12 መኮንኖች ላይ ክስ መሠረቱ። የክስ ሰነዱ መኮንኖቹን በየስማቸው ይጠራል፤ የክፍላቸውን ቁጥር፣ ቢሮአቸው የሚገኝበትን የሞስኮ ጎዳና ሳይቀር ይዘረዝራል። በጊዜው ኢሜይሎቹን የሰረቅሁት እኔ ነኝ ብሎ ብቅ ያለው፣ ራሱን «ጉሲፈር 2.0» ብሎ የሚጠራና ብቻውን የሚሠራ ሮማኒያዊ ጠላፊ ነኝ የሚል ሰው ነበር። የክስ ሰነዱ እንደሚለው፣ ጁን 15 ቀን 2016 በሞስኮ ሰዓት ከ16፡19 እስከ 16፡56 ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ከተከሳሾቹ ክፍሎች አንዱ በሚያስተዳድረው የሞስኮ ሰርቨር ላይ አንድ ሰው ገብቶ የተወሰኑ የእንግሊዝኛ ሐረጎችን ፈለገ፤ ከእነዚህም መካከል «ሁለት ጊዜ ማሰብ» እና «የኩባንያው ብቃት» የሚል ትርጉም ያላቸው ይገኙበታል። በዚያው ቀን በ19፡02 ጉሲፈር 2.0 የመጀመሪያውን ጽሑፉን ሲለጥፍ፣ የተፈለጉት ሐረጎች በጽሑፉ ውስጥ ተሰክተው ተገኙ። እንግሊዝኛው ያልሆነለት ሰው ከመጻፉ በፊት አገላለጹን ሲያጣራ የሚታይ ነው የሚመስለው።

በዚህ አባባልና «በከፍተኛ እርግጠኝነት እንገምታለን» በሚለው መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። የክስ ሰነዱ ሰዓት፣ ቦታና ስም ጠቅሶ ራሱን ለማስተባበያ አጋልጧል፤ ውሸት ቢሆን ውሸትነቱን ማሳየት የሚችል ሰው የሚይዘው ነገር አለው። እርግጥ ነው፣ ሩሲያ ዜጎቿን አሳልፋ ስለማትሰጥ ክሱ በችሎት ክርክር አልተፈተነም። ኤፍቢአይ የፓርቲውን ሰርቨሮች በአካል ሳይወስድ፣ ክራውድስትራይክ የተባለው የሳይበር ደህንነት ኩባንያ ባቀረበለት ቅጂ መሥራቱም ተጠራጣሪዎች ደጋግመው የሚያነሡት ነጥብ ነው፤ ነጥቡ ተገቢ ቢሆንም፣ የዲስክን ሙሉ ቅጂ ወስዶ መመርመር በዘርፉ የተለመደ አሠራር በመሆኑ የሚገባውን ያህል እንጂ ከዚያ በላይ ክብደት ልንሰጠው አይገባም። በማኅበራዊ ሚዲያው ዘመቻ በኩል ደግሞ፣ በሐሰተኛ የፌስቡክ ገጾች የሚታወቀውን የሴንት ፒተርስበርጉን ድርጅት ገንዘብ ይሰጥ ነበር ተብሎ የተከሰሰው የቭጌኒ ፕሪጎዢን፣ ለዓመታት ሲክድ ከቆየ በኋላ በኖቬምበር 2022 በአሜሪካ ምርጫ ጣልቃ ገብተናል፣ እየገባንም ነው፣ እንገባለንም ሲል በአደባባይ ተናገረ። ጉራ የሚወድ ሰው ንግግር መሆኑን ሳንዘነጋ፣ ከከሳሾቹ ቃል ጋር መግጠሙን እንመዘግባለን።

ሦስተኛው ክፍል፣ ማለትም ሩሲያ ለምን አደረገችው የሚለው፣ የሰውን ልብ ማንበብ ነው። በ2017ቱ ሰነድ ውስጥ እንኳ ተቋማቱ በዚህ ነጥብ ላይ እኩል አልቆሙም፤ ፑቲን ትራምፕን ለመርዳት ፈልገዋል በሚለው ላይ ሲአይኤና ኤፍቢአይ ከፍተኛ እርግጠኝነት ሲገልጹ፣ የኤሌክትሮኒክ ስለላ ተቋሙ ኤንኤስኤ ግን መካከለኛ ነው ያለው። ብዙ ሰው ይህችን አንዲት ቃል አልፏት ሄደ፤ ይባስ ብሎም ፖለቲከኞች «17ቱ የስለላ ተቋማት ሁሉ ተስማምተውበታል» ይሉ ጀመር። በዳይሬክተሩ ጽሕፈት ቤት አስተባባሪነት ግምገማውን ያዘጋጁት ግን ሦስት ተቋማት ነበሩ። የሰነዱ አባሪ ደግሞ «ከፍተኛ እርግጠኝነት» ማለት የተረጋገጠ ሐቅ ማለት እንዳልሆነና ሊሳሳት እንደሚችል በግልጽ ያስቀምጣል።

ከዚያ በኋላ በዚህ ነጥብ ላይ የወጡት ምርመራዎች ተለያዩ። የተወካዮች ምክር ቤቱ ሪፐብሊካኖች በ2018 የትንተናውን ጥራት ነቀፉ፤ በሪፐብሊካኖች የሚመራው የሴኔቱ የስለላ ኮሚቴ ግን ከዴሞክራቶቹ ጋር በአንድ ድምፅ ግምገማውን ደገፈው። በጁላይ 2025 በትራምፕ የተሾሙት የሲአይኤ ዳይሬክተር ጆን ራትክሊፍ ይፋ ያደረጉት የውስጥ ግምገማ፣ ሥራው በጥድፊያ መሠራቱን፣ የስቲል ዶሴ የሚባለው፣ አንድ የቀድሞ የእንግሊዝ ሰላይ ስለ ትራምፕና ሩሲያ ያጠናቀረው ያልተረጋገጠ ጥራዝ በአባሪነት መካተቱ ስህተት እንደነበር፣ «ከፍተኛ እርግጠኝነት» የተባለውም አሳማኝ እንዳልነበር ገለጸ። ለእኔ የሚከብደው ግን ያላለው ነው፤ ትራምፕ የሾሟቸው ሰው ያወጡት ይህ ግምገማ የሩሲያን ጣልቃ ገብነት ሐሰት ነው አላለም። በዚያው ወር የብሔራዊ ስለላ ዳይሬክተሯ ተልሲ ጋባርድ፣ ተቋማቱ በ2016 «ሩሲያ የድምፅ ቆጠራውን አልነካችም» ብለው እንደነበር የሚያሳዩ ሰነዶችን አውጥተው ሁሉም ነገር የተፈበረከ ነው ሲሉ ከሰሱ። የ2017ቱ ሰነድ ግን ሩሲያ የድምፅ ቆጠራ ለወጠች ብሎ አያውቅም። አንዱን አባባል በሌላው ማፍረስ የሚቻለው አድማጩ ሁለቱን ካምታታ ብቻ ነው።

አራተኛው፣ ውጤቱ ተለውጧል የሚለው፣ ከስለላ ተቋማቱ አፍ ጭራሽ አልወጣም፤ ሰነዱ በምርጫው ውጤት ላይ ስለደረሰው ተጽዕኖ ግምገማ እንዳላደረገ ይናገራል። ክፍተቱን የሞሉት ተንታኞችና ፖለቲከኞች ናቸው። ፌስቡክ የሩሲያው ድርጅት ልጥፎች እስከ 126 ሚሊዮን ሰዎች ዘንድ ደርሰው ሊሆን ይችላል ሲል፣ ብዙዎች ቁጥሩን እንደተታለሉ ሰዎች ብዛት ቆጠሩት። በ2023 የታተመ ስለ ትዊተር የተደረገ ጥናት ግን ከእይታው 70 በመቶው በ1 በመቶ ተጠቃሚዎች ላይ መከማቸቱን፣ ልጥፎቹን ባዩትም ዘንድ ትርጉም ያለው የአመለካከት ለውጥ አለመታየቱን አሳየ። ከተመልካቾቻችን መካከል አሜሪካ ውስጥ ድምፅ የምትሰጡ ስላላችሁ አንድ ነገር እንጨምር፤ የሴኔቱ ኮሚቴ እንዳገኘው፣ ድርጅቱ የጥቁር አሜሪካውያንን ያህል ያነጣጠረበት የሕብረተሰብ ክፍል አልነበረም።

ተናጋሪው ማን መሆኑም መታየት አለበት። ኦክቶበር 19 ቀን 2020 51 የቀድሞ የስለላ ባለሥልጣናት፣ የእጩው የጆ ባይደን ልጅ በሆነው በሃንተር ባይደን ላፕቶፕ ላይ ተገኙ የተባሉት ኢሜይሎች የሩሲያ ዘመቻ ምልክቶች ሁሉ እንዳሏቸው የሚገልጽ ደብዳቤ ፈረሙ። በዚያው ደብዳቤ ውስጥ የሩሲያ እጅ ስለመኖሩ ማስረጃ እንደሌላቸው ጽፈዋል፤ ጆ ባይደን ግን በምርጫ ክርክሩ መድረክ ላይ ደብዳቤውን ጋሻ አደረጉት። በ2024 ላፕቶፑ በደላዌር ፍርድ ቤት በማስረጃነት ቀረበ። ጡረታ የወጣ ሰላይ አስተያየት እንጂ የተቋም ግኝት የለውም።

[በስክሪኑ ላይ፦ ቡካሬስት፣ ዲሴምበር 2024]

እስከ አሁን ያየነው ክርክር ማንንም ከሥልጣን አላነሣም። በሮማኒያ ግን ምርጫ አፍርሷል። ኖቬምበር 24 ቀን 2024 እምብዛም የማይታወቁት ካሊን ጆርጄስኩ ለዘመቻ አንዲት ሳንቲም አላወጣሁም ብለው፣ 23 በመቶ ገደማ ድምፅ በማግኘት የመጀመሪያውን ዙር መሩ። ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቱ ዲሴምበር 2 ውጤቱን አጸደቀ። ከሁለት ቀን በኋላ ፕሬዚዳንት ክላውስ ዮሃኒስ የስለላ ሰነዶችን ይፋ አደረጉ፤ ሰነዶቹ ከድምፅ መስጫው ሁለት ሳምንት በፊት በድንገት የነቁ 25,000 የቲክቶክ አካውንቶችንና በምርጫ ሥርዓቱ ላይ የተሰነዘሩ ከ85,000 በላይ የሳይበር ጥቃቶችን ይጠቅሳሉ። ዲሴምበር 6፣ በውጭ አገር ያሉ ሮማኒያውያን የሁለተኛውን ዙር ድምፅ መስጠት ጀምረው ሳለ፣ ያው ፍርድ ቤት ምርጫውን በሙሉ ሰረዘ።

ሰነዶቹን በያዝነው መለኪያ ብናያቸው፣ የተቀነባበረ ዘመቻ መኖሩን በሚገባ ያሳያሉ፤ ዘመቻውን የመራው ማን መሆኑን ግን ሲያደርሱን አናይም። ሩሲያ በአካባቢው ስለምታደርገው ነገር በጥቅሉ ያወሩና ተመሳሳይነቱን ለአንባቢው ይተዉታል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላም የሮማኒያ ጋዜጠኞች የግብር ባለሥልጣኑን ግኝት ጠቅሰው፣ ለጆርጄስኩ ከጠቀሙት የቲክቶክ ዘመቻዎች አንዱን የከፈለበት የገዢው ጥምረት አባል የሆነው ብሔራዊ ሊበራል ፓርቲ እንደነበር ዘገቡ፤ ፓርቲው ዘመቻውን ማዘዙን ሳይክድ፣ ከታሰበለት ዓላማ ውጭ ውሏል ሲል ተከራከረ።

በጃንዋሪ 2025 የአውሮፓ ምክር ቤት የሕግ አማካሪ የሆነው የቬኒስ ኮሚሽን፣ ምርጫን የመሰረዝ ውሳኔ በምስጢራዊ የስለላ መረጃ ላይ ብቻ ሊመሠረት እንደማይገባና እንዲህ ያለው መረጃ ለዐውድ ያህል ብቻ ሊያገለግል እንደሚችል አስታወቀ። በዚህ አቋም እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን እጨምራለሁ። መንግሥታት ይህን ሰበብ አድርገው ማስጠንቀቂያውን ጨርሶ ከሕዝብ መሸሸግ የለባቸውም። በማርች 2021 የአሜሪካ ተቋማት ስለ 2020ው ምርጫ ግምገማቸውን ሲያወጡ፣ ቻይና ጣልቃ አልገባችም ከሚለው ድምዳሜ ጎን ለጎን፣ የሳይበር ጉዳዮች ከፍተኛ ኃላፊያቸው በዚህ እንደማይስማሙና ቤጂንግ የተወሰኑ እርምጃዎችን ወስዳለች ብለው እንደሚያምኑ እዚያው አትመውታል። በ2002 ከሕዝቡ ቅጂ የወጣው ዓይነት ማመንታት በዚህኛው ሰነድ ላይ ቦታ አግኝቷል፤ የሮማኒያው ፍርድ ቤት እንዲህ ያለ ሰነድ ቀርቦለት ቢሆን ኖሮ፣ ቢያንስ ተቋማቱ የት ድረስ እርግጠኛ እንደሆኑና ከየት ወዲያ እንደሚገምቱ ለይቶ መጠየቅ ይችል ነበር።