ከምርቃቱ ጋር ደረሰኝ
(የዓለም አረጋውያን ቀንን ምክንያት በማድረግ በጡረተኞች ማኅበር ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ የወረዳና የክፍለ ከተማ የሥራ ኃላፊዎች፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤

እንደምን አደራችሁ። አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅ። 36 ዓመት ያስተማረ ሰው መድረክ ከወጣ ደወል ካልተደወለ በስተቀር አይወርድም፤ ዛሬ ደወል ስለሌለ የማኅበሩ ጸሐፊ ሰዓት እንዲይዙብኝ ለምኛቸዋለሁ።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ ይህ ቀን የአረጋውያን ቀን ሆኖ እንዲከበር የወሰነው በ1983 ዓ.ም. ነው። እንዴት እንደሚከበር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዳቦ ይቆረሳል፣ ቡና ይፈላል፣ እንግዶች «እናንተ ባለውለታዎቻችን ናችሁ» ይሉናል፣ እኛም ተነሥተን እንመርቃለን፤ በማግሥቱ ሁሉም ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ምርቃቱን የምነቅፍ ሰው አይደለሁም፤ ያደግሁበት ነው። ነገር ግን መራቂ ብቻ ሆነን በቆየንባቸው ዓመታት ስለ እንጀራችን፣ ስለ መድኃኒታችንና ስለ ቤታችን የሚናገሩት እንጀራውን የማይበሉ፣ መድኃኒቱን የማይገዙ ሰዎች ሆነዋል።

«ጡረታ» የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ለአፍታ እናስብ። «ጦረ» ከሚለው ግስ ነው። ልጅ ወላጁን ይጦራል፤ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣችሁ» ተብሎም ይመረቃል። በቋንቋችን እርጅና ያለ ጧሪ አይታሰብም ነበር። የደመወዝተኛው ጧሪ ማን ነው ቢባል ግን መልሱ «ራሱ» ነው። ዛሬ በሥራ ላይ ባለው ሕግ መሠረት የመንግሥት ሠራተኛውም ሆነ የግል ድርጅት ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ በየወሩ ይቆረጥበታል፤ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ይጨምራል፤ ይህም ቢሆን ሠራተኛው በመሥራቱ ምክንያት የሚከፈል እንጂ ከማንም ኪስ የወጣ ችሮታ አይደለም። ስለዚህ እኛ ጉልበት ሳለን ራሳችንን መጦር የጀመርን ሰዎች ነን። ሕጉም ተረጂ አይለንም፤ «ባለመብት» ይለናል። ይህን ቃል ከአዋጁ አውጥተን ገንዘብ ከምንቀበልበት መስኮት ፊት ማድረስ ነው የቀረን።

ሒሳብ መምህር ስለነበርሁ ስሌቱን ሳልናገር ብወርድ እንቅልፍ አይወስደኝም። 10 ዓመት ያገለገለ ሲቪል የመንግሥት ሠራተኛ 60 ዓመት ሲሞላው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ይታሰብለታል። ከዚያ በላይ ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ጣሪያውን ለመንካት እንግዲህ 42 ዓመት ማገልገል ይጠይቃል፤ ይህም በ18 ዓመቱ ተቀጥሮ እስከ 60 ዓመቱ ያላቋረጠ ሰው ማለት ነው። ሕመም፣ ትምህርት፣ የልጅ ማሳደጊያ ጊዜ ያስተጓጎለው ሰው፣ በተለይም ሴት ሠራተኛ፣ ጣሪያውን በሩቁ ታየዋለች እንጂ አትደርስበትም። በዚሁ ስሌት የእኔ የ36 ዓመት አገልግሎት 62.5 በመቶ ነው።

የሚያመን ግን መቶኛው አይደለም። አበሉ አንድ ጊዜ ከተቆረጠ በኋላ ባለበት ይቆማል፤ ገበያው ግን ይሄዳል። ማስተካከያ የሚመጣው መንግሥት በወሰነ ጊዜ እንጂ የዋጋውን መናር ተከትሎ በራሱ አይደለም። ዋጋ በየዓመቱ 30 በመቶ የሚጨምር ከሆነ፣ እንዲህ ያለውን ጭማሪ ደግሞ በቅርብ ዓመታት አይተናል፣ የዛሬው 1,000 ብር ሦስት ዓመት ሳይሞላ የሚገዛው የ500 ብር ዕቃ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከዚያ በፊት በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለ ፖሊሲው ለመሟገት አልመጣሁም፤ የምጠይቀው በዚያ ሰሞን ከውጭ የሚገባ የስኳር መድኃኒት የሚገዛ ጡረተኛ በማን መዝገብ ላይ ታስቦ ነበር የሚለውን ብቻ ነው። በአንድ ሰሌዳ ያስተማሩ ሁለት መምህራን አውቃለሁ። አንዱ የወጡት የደመወዝ እርከን ከመሻሻሉ በፊት ነው፤ ሌላው ከተሻሻለ በኋላ ጥቂት ዓመታት ሠርተው ወጡ። ዛሬ ከአንድ ሱቅ አንድ ዓይነት ዘይት ይገዛሉ፤ አበላቸው ግን የተለያየ ዘመን ሰዎች አስመስሏቸዋል።

ወደ ጤናው ልምጣ። ከመካከላችን ያሉ አንዲት እናት፣ በረዳት ነርስነት የኖሩ ናቸው፣ የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ስናገኛቸው «መድኃኒቱን አቋርጠው ነው ወይ?» ብለን ጠየቅናቸው። «ኧረ አላቋረጥሁም፤ እንደ ውኃው በፈረቃ አድርጌው ነው» አሉን። አንድ ቀን ይውጣሉ፣ አንድ ቀን ይዘላሉ። ሳቅን፤ እሳቸውም ሳቁ። ለሌላ ሰው ሲነግሩ የኖሩትን ምክር ያልተከተሉት ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ጡረተኞችንም ያካተተ ነበር፤ ሆኖም አፈጻጸሙ ከዓመት ወደ ዓመት ሲገፋ፣ በየመንደሩ የተስፋፋው ደግሞ ከመደበኛው ሥራ ውጭ ላሉ ወገኖች የታሰበው ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሆነ። በዚህ መካከል ብዙ ጡረተኛ እዚያም እዚህም ሳይሆን ቀረ።

ባለፈው ዓመት ማኅበራችን አንድ ነገር ሞከረ። አባላት የሦስት ወር የመድኃኒት ደረሰኛቸውን እንዲያመጡ ጠየቅን። አንዳንዱ በነጠላ ጫፍ ቋጥሮ፣ አንዳንዱ በመጽሐፍ ቅዱስ ወይም በቁርኣን ገጾች መካከል አስቀምጦ አመጣ፤ የተሰበሰበው አንድ የብስኩት ካርቶን ሞላ። ከእያንዳንዱ ሰው የወር አበል ጎን ጻፍነውና ካርቶኑን ተሸክመን ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድን። ኃላፊው መጀመሪያ «አባቶቼ፣ ተቀመጡ፣ ሻይ ይምጣላችሁ» አሉን። ሻዩን ጠጣን፤ ከዚያ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ መደርደር ጀመርን። አሥራ አምስተኛው ላይ ስንደርስ ስልካቸውን አጥፍተው ማስታወሻ ያዙ። ያገኘነው ትንሽ ነው፤ በጤና ጣቢያው ለአረጋውያን የተለየ መስኮት ተከፈተ፣ የሚጠባበቁበትም አግዳሚ ወንበር ተቀመጠ። የመድኃኒቱ ዋጋ አልተነካም። ነገር ግን ለሻይ የገባ ሽማግሌና ደረሰኝ ይዞ የገባ ባለመብት እንዴት እንደሚለያዩ ያን ቀን ገባኝ።

የራሴንም ገጠመኝ ልጨምር። በአንድ መሥሪያ ቤት ማንነቴን በጣት አሻራ እንዳረጋግጥ ተጠየቅሁ። አውራ ጣቴን አስቀመጥሁ፤ መሣሪያው አላነበበም። ጠቋሚውን አልሁ፤ እምቢ። ልጅቷ በሶፍት ጠረገችልኝ፣ ቅባትም ቀባችልኝ፤ አሥሩም ጣቶቼ ባዶ ሆኑ። እርጅና የአሻራን መስመር እንደሚያደበዝዝ ኋላ ነው የሰማሁት፤ የእኔን ጠመኔውም ሳያግዘው አልቀረም። «አባባ፣ ሌላ ቀን ይምጡ» አለችኝ፤ ክፋት አልነበረባትም። እንግዲህ ሌላ ቀን ሌላ ጣት ከየት ይመጣል? ከኋላዬ ሁለት ባልንጀሮቼ በዚያው ምክንያት ተመለሱ። ዲጂታል አሠራርን አንቃወምም፤ ወረፋ ቢያሳጥርልን መጀመሪያ የምንመርቀው እኛው ነን። የምንለው፣ አሻራው የጠፋ፣ ዓይኑን ሞራ የጋረደው፣ ስልኩ ባለ ቁልፍ የሆነ ሰው በሌላ መንገድ የሚስተናገድበት አሠራር አስቀድሞ ተጽፎ ይቀመጥ ነው።

ይህን ሁሉ ስናገር አበል ስላላቸው ሰዎች ነው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ በዚህ አገር በእኛ ዕድሜ ካሉት መካከል እኛ ዕድለኞቹ ነን። አብዛኛው አረጋዊ ሲያርስ፣ ሲነግድ፣ ሲሸምን፣ ጉልት ላይ ሽንኩርት ስትሸጥ፣ በሰው ቤት እንጀራ ስትጋግር ያረጀ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛው እንኳ በጡረታ ዐቅድ በሕግ የታቀፈው በ2003 ዓ.ም. ነው። በ1997 ዓ.ም. በገጠር የተጀመረውና ኋላ ወደ ከተሞች የዘለቀው ሴፍቲኔት፣ መሥራት ለማይችሉት ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል፤ ይህ መልካም ነው፤ ግን ድሀ ለሆነ ቤተሰብ የሚሰጥ እንጂ ለዕድሜ የተሰጠ መብት አይደለም። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ 70 ዓመት ለሞላቸውና ሌላ ጡረታ ለሌላቸው ዜጎች በወር 2,000 ሽልንግ መስጠት ጀምራለች። ክፍያው ይዘገያል እየተባለ ይወቀሳል፤ ቢሆንም የኬንያዋ ጉልት ቸርቻሪ «የእኔ ነው፣ ለምን ዘገየ?» ብላ የምትጠይቀው ነገር አላት። የእኛዋ ምን ብላ ትጠይቅ?

መሬት የያዘ ጥያቄ እንጂ ልመና ላለመሆኑ ሕጉ ከእኛ ጋር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን እንክብካቤ እንዲያደርግ ያዝዛል። የአፍሪካ ኅብረት የአረጋውያን መብቶች ፕሮቶኮል የጸደቀው በ2008 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ነው፤ ኢትዮጵያም ካጸደቁት አገሮች አንዷ ናት፤ በ2017 ዓ.ም. በሥራ ላይ ውሏል። ማኅበራትን በሚመለከት ደግሞ፣ በ2001 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብት ጉዳይ እንዳይሠራ ያግድ ስለነበር፣ ብዙዎች ስለ አረጋውያን ብርድ ልብስና ዱቄት እንጂ ስለ መብታቸው መናገር አይችሉም ነበር። ያ ሕግ በ2011 ዓ.ም. ተሽሯል። ብርድ ልብስ ማደሉ ቀጥሏል፤ አፋችን ግን እስካሁን የተሸበበ ይመስላል።

የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ የ42 ዓመት ጎልማሳ ሆኖ የተቆጠረ ሰው ዛሬ 60 አልፎታል። ቆጠራው እስኪደርስልን ግን ራሳችንን መቁጠር እንችላለን። ከዛሬዎቹ እንግዶቻችን የምንፈልገው አበሉ በታወቀ ቀመርና በታወቀ ጊዜ ከዋጋ ጋር እንዲታይ፣ የጤና መድኑ ጡረተኛውን በትክክል እንዲያቅፍ፣ አበል ለሌላቸውም በዕድሜ የሚገኝ ነገር እንዲጠና ጥያቄያችንን ለበላይ አካል በጽሑፍ እንዲያደርሱልን ነው። ከአባላት የምፈልገው ከዚህ ይቀላል። በር ላይ፣ ከመዝገቡ ጠረጴዛ ሥር፣ አዲስ ካርቶን ተቀምጧል። የመስከረም፣ የጥቅምትና የኅዳር ደረሰኞቻችሁን እስከ ታኅሣሥ 5 ድረስ አምጡ፤ ስማችሁንና የአበላችሁን መጠን በጀርባው ጻፉበት። መጻፍ የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ፣ ዘወትር ረቡዕ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ እኔ እዚያ ወንበር ላይ እገኛለሁ፤ እስክሪብቶ መያዝ እስካሁን አላቃተኝም።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጸሐፊው ሰዓታቸውን እያሳዩኝ ነው።