ያልተለቀቀውን ሪሞት ዴስክቶፕ ጣርማበር ላይ ስንፈትነው

[ምስል፦ የደብረ ብርሃን ጠዋት። ጋቢ የለበሰ ሰው ላፕቶፕ ይከፍታል።]

ሰላም ቤተሰብ! ጋቢዬን ሳላወልቅ ስለመጣሁ ይቅርታ። የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ይረዳኛል።

ዛሬ ገና ለሕዝብ ያልተለቀቀ፣ ቤታ የሚሉትን የሪሞት ዴስክቶፕ አፕ እንፈትናለን። እጃችን እዚህ ነው፣ ኮምፒውተሩ 130 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ። ሥራውን የሚሠራው የወዲያኛው ማሽን ነው። ከእኛ የኪቦርድና የማውስ ትእዛዝ ይሄዳል፣ ከዚያ የስክሪኑ ምስል ይመጣል።

ቤታውን ስትጭኑ የድሮውን ቨርዥን አታጥፉት። የመሥሪያ ቤት ሰነድ ያለበት ማሽን ላይም አትሞክሩ። እና እባካችሁ፣ "ለሙከራ እኮ ነው" ብላችሁ የዊንዶውስ ሪሞት ዴስክቶፕ የሚገባበትን የኔትወርክ በር፣ ፖርት 3389ን፣ ለኢንተርኔት ከፍታችሁ እንዳትተኙ። ያን በር ሌት ተቀን የሚያንኳኩ ሮቦቶች አሉ። ቪፒኤን፣ ማለትም የተመሰጠረ የግል መስመር፣ ተጠቀሙ።

[ስክሪን፦ ባዶ ኖትፓድ።]

አሁን አማርኛ እንጻፍ። ብዙዎቹ ኪቦርዶቻችን ላይ መጀመሪያ "ስ" ትመጣለች። አናባቢውን ስትነኩ ትሰረዝና "ሰ" ትተካታለች። መሰረዙ መንገድ ላይ ከቀረ "ሰላም" ያላችሁት "ስሰልላም" ሆኖ ይደርሳል። አንዳንዱ ክላየንት (እኛ እጅ ላይ ያለው አፕ) ደግሞ የሚልከው ፊደሉን ሳይሆን የተነካውን ቁልፍ ነው፤ ያኔ ጽሑፉ በላቲን ቁጭ ይላል። እንግሊዝኛ ብቻ የሚጽፍ ፈታኝ ይህን መቼም አያየውም። ኮፒ ፔስትም ሞክሩ። በፊደሉ ፋንታ የጥያቄ ምልክት ከተደረደረ ባግ፣ የአፑን ስህተት፣ አገኛችሁ።

[ምስል፦ ሚኒባስ፣ የጣርማበር ጉም።]

የምወደው ፈተና ግን ይሄ ነው። ቤታውን ስልኬ ላይ ከፍቼ ደብረ ሲና የሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ጣርማበር ዋሻ ውስጥ ኔትወርኩ ጠፋ። የፈለግኩትም እሱን ነበር። ከዋሻው ስንወጣ ስክሪኑ እንዳለ ነው። ደስ አለኝ። ጻፍኩ፣ ምንም። ደግሜ ጻፍኩ፣ ምንም። ለካ የማየው የደረቀ ምስል ነው! አፑ ጭራሽ ቢዘጋ ይሻል ነበር። እንዲህ ሲሆን ሰው ሴቭ ያደረገ መስሎት ስልኩን ኪሱ ይከታል።

አጠገቤ የተቀመጡት እናት "ልጄ፣ ስልክህ ተበላሸ እንዴ?" አሉኝ።

"አይ እማማ፣ እንዲበላሽ ፈልጌ ነው።"

ዝም ብለው አዩኝና ወደ መስኮቱ ዞሩ።

[ስክሪን፦ የባግ ሪፖርት ፎርም።]

ሪፖርት ስትጽፉ "አይሠራም" ብቻ ብላችሁ አትላኩ። እኔ የአፑንና የአንድሮይዱን ቨርዥን ጻፍኩ። ቀጥዬ፦ "በሞባይል ዳታ ተገናኘሁ። ኔትወርክ ጠፍቶ ተመለሰ። ምስሉ አልታደሰም፣ ማስጠንቀቂያም አልወጣም።" ቤት ገብቼ በኤርፕሌን ሞድ 3 ጊዜ ደገምኩት። 2ቱን ጊዜ ደረቀ። እሱንም ጨመርኩ፤ አፑን የሚሠራው ልጅ ጣርማበር ድረስ አይመጣማ! ስክሪንሾት ከላካችሁ ደግሞ የሰርቨሩን አድራሻና ስማችሁን ሸፍኑ።

አዲሱ ቨርዥን ትናንት ገብቷል። ቅዳሜ እንደገና መናኸሪያ ነኝ።