ባቡሩን በአራት መንገድ ለመተረክ

(ድሬዳዋ፣ ለጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ተማሪዎች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ሙቀቱ ሳይብስብን በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። በዚህ ሴሚስተር አንድ ታሪክ በተለያየ ሚዲያ እንድትተርኩ ታዛችኋል። የአብዛኛው ቡድን የመጀመሪያ ዕቅድ ምን እንደሚመስል ልገምት። "ዶክመንተሪ እንሠራለን። ድምፁን ቆርጠን ፖድካስት እናደርገዋለን። ፎቶውን ቴሌግራም ላይ፣ ቁርጥራጩን ቲክቶክ ላይ እንለቃለን።" ተሳሳትኩ? ሳቃችሁ መልስ ነው።

ይሄ አንድ ወጥ በአራት ሰሃን ማቅረብ ነው። ከአንዱ የቀመሰ ሰው ሌላውን ምን ብሎ ይነካዋል?

እኔ የምለው እያንዳንዱ ሚዲያ ሌላው ያልተናገረውን ይናገር ነው። ፖድካስቱን ብቻ የሰማ ሰው አንድ ሙሉ ነገር ይዞ ይሂድ። ፎቶውን ብቻ ያየም እንደዚያው። ሁለቱንም ያገኘ ደግሞ ሁለቱም ለየብቻቸው ያልነገሩት ነገር ይገለጥለት። ከባዱ ይህ የመጨረሻው ነው። ካሜራ ከተነሣ በኋላ ደግሞ በአጋጣሚ አይመጣም፤ ቀድሞ ወረቀት ላይ ይታቀዳል።

ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አልሄድም። ከጅቡቲ በድሬዳዋ በኩል አዲስ አበባ ይደርስ የነበረውን ባቡር እንውሰድ።

መነሻውን ታውቁታላችሁ። አጼ ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐሳቡ ሀዲዱን ሐረር ማድረስ ነበር። ተራራውን መውጣት ግን ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሆነ። ሀዲዱ ቆላውን ይዞ ቀረ፤ ከተራራው ሥርም አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። መጀመሪያ "አዲስ ሐረር" አሉት። እኛ ድሬዳዋ እንለዋለን። አዲስ አበባ ለመድረስ ደግሞ እስከ 1909 ፈጀበት። በመሀል ገንዘብ አለቀ፣ ኩባንያው ከሰረ፣ ሌላ ኩባንያ ተቋቋመ። እሱ ራሱን የቻለ ድራማ ነው፤ ዛሬ አልገባበትም።

አሁን አንድ ቡድን "ታሪካችን ባቡሩ ነው" ቢለኝ አልቀበለውም። ባቡሩ ርዕስ ነው። ታሪክ የሚሆነው ጥያቄ ሲኖረው ነው። ለምሳሌ፣ ባቡር የወለዳት ከተማ ባቡሩ ሲቆምባት በምን ኖረች? ከአዲስ አበባ ይመጣ የነበረው የድሮው ባቡር ከቆመ ቆየ። በ2009 የተመረቀው አዲሱ መስመር ደግሞ ጣቢያው ከመሀል ከተማ ውጭ ነው። ከዚራ ሰፈር ያለው የድሮው ጣቢያ ዛሬም አለ። ጥያቄው እዚያ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል።

ጥያቄው ከተያዘ በኋላ ማከፋፈል ይመጣል። አንድ ትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፉ። አራት ዓምድ አድርጉት፤ ቪዲዮ፣ ድምፅ፣ የእግር ጉዞ፣ ጽሑፍ። ያላችሁን ነገር ሁሉ ጻፉበት፤ ሰው፣ ቦታ፣ ዕቃ፣ ድምፅ፣ ሰነድ። ከዚያ እያንዳንዱን እየነካችሁ "ይሄን ከሁሉ የሚያሳምረው የቱ ነው?" በሉ።

የጥገና ወርክሾፑን አስቡት። አሮጌ የብረት መላጫ ቶርኖዎች፣ ቆመው የቀሩ ፉርጎዎች፣ የዘይት ሽታ። ሽታውን ማንም አያመጣላችሁም። እንቅስቃሴውን ግን ቪዲዮ ያመጣዋል፤ ብረት ሲላጥ ማየት አንድ ገጽ ጽሑፍ ያስቀራል። በባቡሩ ላይ ይሠራ የነበረው የኮንትሮባንድ ንግድ ደግሞ የድምፅ ነው። እናቶቻችን ጨርቁን የት የት እንደደበቁት፣ ፈታሽ ሲመጣ ምን እንዳሉት፣ እየሳቁ ሲያወሩት ነው የሚያምረው። ካሜራ ፊት አቅርቧቸውና እዩ፤ ነጠላ ያስተካክላሉ፣ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ፣ ወሬው ያልቃል።

ከዚራና መጋላ የሚባሉት ሁለቱ ሰፈሮች የእግር ናቸው። አንዱ ቀጥ ያለ መንገድና ጥላ ያለው ዛፍ፣ ሌላው ገበያና ጠመዝማዛ ሰፈር፣ መሀላቸው ደቻቱ ወንዝ። ይህን ልዩነት በቪዲዮ ከምታስረዱኝ የጆሮ ማዳመጫ ሰጥታችሁ አስኪዱኝ። ድምፁ "አሁን ድልድዩን ተሻገር" ይበለኝ።

ቀኖቹ፣ ውሎቹ፣ የገንዘቡ ጉዳይ ለጽሑፍ ይቅር። ቪዲዮ ላይ አምስት ዓመተ ምሕረት በተከታታይ የሚጠራ ተራኪ እንቅልፍ ያመጣል።

አሁን መጋጠሚያው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ፕሮጀክት የሚፈርሰው እዚህ ጋ ነው። ጡረታ የወጡ አንድ ቲኬት ቆራጭ ቤት ሄዳችሁ እንበል። ቡና ተፈላ፣ ወሬው ደራ፣ በመጨረሻ ከሣጥን ውስጥ አንድ ያልተቆረጠ ቲኬት አወጡ። አንድ ሰው ገዝቶት ሳይሳፈር ቀረ። ለምን እንደቀረ ጋሼ ያውቃሉ። ምን ታደርጋላችሁ? ሁሉንም በአንድ ቪዲዮ ብትጨርሱት ሦስት ደቂቃ ነው፣ አለቀ። እኔ ብሆን የቲኬቱን ፎቶ አተልቄ፣ ፖስተር አድርጌ ጣቢያው አካባቢ እሰቅለዋለሁ፤ በፈቃድ። ከሥሩ አንድ መስመር፦ "ይህ ቲኬት አልተቆረጠም።" ከጎኑ ኪውአር ኮድ። ስልኩን ያስጠጋ ሰው የጋሼን ድምፅ ይሰማል። በሦስተኛው የፖድካስት ክፍል ደግሞ ያ ሰው ባይሳፈርም ድሬ ላይ ምን ሆኖ እንደኖረ ይመጣል። ፖስተሩ ጥያቄ ጫረ፣ ድምፁ ግማሹን መለሰ፣ ክፍል ሦስት ቀሪውን ሞላ። ሰውን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚወስደው የማወቅ ጉጉት ነው። "ሊንኩን ተጫኑ፣ ሰብስክራይብ አድርጉ" የሚለው ልመና ማንንም የትም አላደረሰም።

አንድ ነገር ግን አለ። ከጋሼ ትውልድ ስንቱ ቴሌግራም ይከፍታል? የታሪኩ ባለቤቶች እነሱ ሆነው ሳለ ለልጆቻቸው ብቻ ሠርታችሁ እንዳትመጡ። ኮዱን መክፈት ለማይችል ፖስተሩ ብቻውን የሚበቃ ይሁን፤ ወይም አንድ ከሰዓት ሻይ ቤት ሄዳችሁ በስፒከር አሰሙ። ቋንቋም እንደዚያው ነው። ድሬ ላይ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ ይነገራል። ሰው በሚቀናው ይናገር፤ ትርጉሙን ጽሑፉ ይሸከመው።

ከቡድናችሁ አንድ ሰው የመረጃ ደብተር ይያዝ። ይሄ ሥራ አያምርም፣ ማንም አይፈልገውም፣ ግን ያስፈልጋል። ባቡሩ ድሬ የገባው በፈረንጅ 1902፣ በእኛ 1895 ነው። ፖስተሩ 1895፣ ቪዲዮው 1902 ካለ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ተመልካቹ ግን አንዳችሁ ዋሽታችኋል ብሎ ይደመድማል። አንዱን ዘመን ምረጡና ሁሉም ቦታ እሱን ጻፉ። የሰው ስም አጻጻፍም በዚያው ደብተር ይግባ።

የማይከፋፈል ነገርም አለ። ጥር 1977 አዋሽ ላይ ባቡሩ ከድልድዩ ወድቆ ከ400 በላይ ሰው አልቋል። ስለ ባቡሩ ስትጠይቁ ይህ መምጣቱ አይቀርም፤ ዘመዱን ያጣ ቤት ትገባላችሁ። እሱን ለቲክቶክ ቁርጥራጭ የሚያስብ ካለ ከአሁኑ ይተወው። እኔን ከጠየቃችሁ ለእሱ የሚገባው ድምፅ ብቻ ነው። ሙዚቃ የለውም፣ ቅንብር የለውም፣ ሰውየው ተናግሮ እስኪጨርስ ይሰማል። ከመለቀቁ በፊት ደግሞ መጀመሪያ ራሱ ይስማው። "ይቅር" ካለ ይቀራል። አቦ፣ ለውጤት ብሎ የሰው ሐዘን መነካካት ነውር ነው።

ስለ ዕቃ ብዙ አልልም። ስልካችሁ ይበቃል፤ ገንዘብ ካለ ማይክ ግዙ። ሰው ደብዛዛ ምስል ይታገሣል፤ የማይሰማ ድምፅ ግን ወዲያው ይዘጋል። መብራት ሊጠፋ እንደሚችል አስባችሁ የሚለቀቅበትን ቀን ከማስረከቢያው ሳምንት ቀደም አድርጉት። ፋይሉ ሁለት ቦታ ይቀመጥ።

ወርክሾፑን ለመቅረጽ የፈቃድ ደብዳቤ ያስፈልጋችኋል። ደብዳቤ ጊዜ ይወስዳል፤ ዛሬ ከሰዓት ጀምሩት። መልሱ እስኪመጣ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ ጠብቁኝ፤ ከምሳ በኋላ በየቡድናችሁ እየዞርኩ አያለሁ። አራቱ ዓምዶች ላይ ያው ነገር ተደግሞ ካገኘሁ በቀይ እስክሪብቶ እሰርዛለሁ።

አመሰግናለሁ።