ደብተሩ ባዶ ነው፣ ልጄ ምን ተማረች?

የአድማጮች ጥያቄና መልስ። መልስ የሚሰጡት የአፀደ ሕፃናት መምህራንን ሲያሠለጥኑ የኖሩ ባለሙያ ናቸው።

ከኮተቤ፣ እናት፦ ልጄ 4 ዓመቷ ነው። በየወሩ ብዙ ብር እከፍላለሁ፤ ደብተሯ ግን ባዶ ነው። ምን ተማራችሁ ስላት «ሱቅ ሱቅ ተጫወትን» ትለኛለች። ገንዘቤን እየጣልኩ ነው?

ይቺን ጥያቄ በሳምንት ሦስቴ እሰማታለሁ። እስቲ ሱቁን አብረን እንየው። ልጅሽ ባለሱቅ ናት። ጓደኛዋ «አምስት ሎሚ ስጪኝ» አለቻት። አንድ ቆርኪ እያነሳች፣ አንድ ቁጥር እየጠራች ትሰጣታለች። መቁጠር ማለት ይሄ ነው። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያሉ በዜማ መውረድማ በቀቀንም አያቅተውም። ቀጥሎ «መልሴን ስጪኝ»፣ «ተራዬ ነው»፣ «ሎሚ አልቋል፣ ነገ ነይ» ይመጣል። ቋንቋውም፣ ትዕግሥቱም እዚያው ውስጥ አለ። ደብተር ላይ አይወጣም እንጂ። ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ፍሮቤል በ1840 እ.ኤ.አ. «ኪንደርጋርተን» የሚለውን ስም ሲያወጣ የልጆች የአትክልት ቦታ ማለቱ ነበር። እኛ ስሙን ወሰድንና አትክልቱን በወረቀት ተካነው። ደብተሩን ተይውና ልጅቷን እያት።

ከሀዋሳ፣ አባት፦ ወንዱ ልጄ ከሴቶች ጋር እቃ እቃ ይጫወታል፣ «ወጥ ሠራሁ» ይላል። ልከልክለው?

ለምን? ነገ ሚስቱ ታመሰግንሃለች።

ከባሕር ዳር፣ መምህርት፦ የኦ ክፍል፣ ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለውን፣ አስተምራለሁ። ከ60 በላይ ልጆች አሉኝ፣ አንድም መጫወቻ የለኝም። በምን ላጫውታቸው?

ግቢሽ ውስጥ ባለው። ቆርኪ፣ ጠጠር፣ ካርቶን ሰብስቢ። ሰኞ ማክሰኞ ለመሥራት መሬትና እንጨት ይበቃሻል፤ በአንድ እግር መዝለሉ ሚዛን ነው፣ ሳጥኖቹ ቁጥር ናቸው። በአምስት በአምስት ከፋፍያቸው፤ ገሚሶቹ ውጭ፣ ገሚሶቹ ውስጥ። ክፍሉ ይጮኻል፤ ይጩህ። ቆርኪና ጠጠር ግን ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ አጠገብ አይድረስ፣ ጉሮሮ ይዘጋል። ጥግ ላይ ያስቀመጥሻት ልምጭ ካለችም ለማገዶ ስጫት።

ከአዳማ፣ አባት፦ ልጄ 4 ዓመት ከመንፈቁ ነው። በየቀኑ 2 ገጽ የቤት ሥራ ይሰጠዋል። ትንሽ ይጽፍና ያለቅሳል። አንዳንዴ ጣቱን በማስመሪያ ቸብ አደርገዋለሁ። እኔም እንደዚያ ነው የተማርኩት።

በዕድሜ እናትህ ስለምሆን ልቆጣህ ነው፣ ታገሰኝ። የእጅ አንጓ 8 ትንንሽ አጥንቶች አሉት። በልጅህ ዕድሜ ግማሽ ያህሉ ገና አልጠነከሩም። ራጅ ቢነሳ ቦታቸው ባዶ ሆኖ ነው የሚታየው። ቶሎ የሚደክመው ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ እጁ ገና ስላልደረሰ ነው። እንጀራውን ሳይበስል ከምጣድ ብታወጣው ጥፋቱ የእንጀራው ነው?

ቸብ የምትላትን ነገር ደግሞ አልወደድኳትም። እርሳስ ባነሳ ቁጥር የሚመታ ልጅ የሚማረው አንድ ነገር ነው፤ እርሳስ ያማል። ደብተር ሲያይ «ሆዴን» የሚሉ የ7 ዓመት ልጆች ስንት አይቻለሁ መሰለህ! ሕገ መንግሥቱ እንኳ በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ ናቸው ይላል። መምህሯ የተከለከለችውን አንተ ሳሎንህ ውስጥ ትፈጽመዋለህ?

«እኔም ተመትቼ ነው» ትላለህ። እኔም ሀ ሁን በኩርኩም ነው የቆጠርኩት። ግን ከዚያ ወጥተን ጭቃ እናቦካ ነበር፣ ብይ እንጫወት ነበር፣ ዛፍ ላይ እንወጣ ነበር። እጃችንን ያሠለጠነው እሱ ነው፤ ኩርኩሙ በስሙ ነገደበት። ያንተ ልጅ ከኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ወዴት ይውረድ?

ዛሬ ማታ ማስመሪያዋን ቁም ሳጥን ላይ ስቀላት። ቤት ውስጥ ሊጥ ሲቦካ ቁራጭ ስጡት፣ ይድቦልብል። ጎመን ይቀንጥስ። ሀን በእርጥብ አሸዋ ላይ በጣቱ ይሣላት። ከዚያ መምህሯን በትሕትና አነጋግራት፣ የቤት ሥራው ይቀነስ። አንደኛ ክፍል በ7 ዓመት ነው የሚጀመረው። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አለህ፣ ምን አሯሯጠህ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ አያት፦ የልጅ ልጄ አማርኛ እምቢ አለኝ። ምን ላስጠናው?

ምንም አያስጥኑት፣ እማዬ። «እንቆቅልህ» ይበሉት። አኩኩሉ ይጫወቱ፤ «አልነጋም» ብሎ ሲጮህ ተናገረ ማለት ነው። የፊደል ገበታው ግድግዳው ላይ ይቆይ፣ 231ዱም የትም አይሄዱም።

ከመገናኛ፣ እናት፦ የ3 ዓመት ልጄ ከስልክ ላይ በእንግሊዝኛ እስከ 20 ይቆጥራል። ይሄ በጨዋታ መማር አይደለም?

አይደለም። አምስት ማንኪያ አምጣልኝ በይውና እዪው። የዓለም ጤና ድርጅትም ለዚህ ዕድሜ ስክሪን ማየት በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ ብሏል፣ ባነሰ ቁጥር ይሻላል።

ከደሴ፣ እናት፦ ልጄ 3 ዓመት ከመንፈቁ ነው። ስሙን ስጠራው አይዞርም፣ አይናገርም። ከልጆች ጋር አይጫወትም፣ መኪኖቹን በመስመር ብቻ ይደረድራል። ጎረቤቶች «ወንድ ልጅ ይዘገያል» ይሉኛል።

ጎረቤቶቹን ተያቸው፣ ልጄ። ይሄ በራዲዮ የሚመለስ አይደለም። መጀመሪያ ጆሮው ይመርመር፤ ከዚያ የሕፃናት ሐኪም ዕድገቱን ይይልሽ። ምንም ላይሆን ይችላል። ከሆነ ግን እርዳታውን በጊዜ መጀመሩ በጣም ይጠቅመዋል። በዚህ ሳምንት ውሰጂው፣ ከበዓል በኋላ እንዳትይኝ።