የፋሲካ ግብዣ፣ መጠጥና ስፖርት፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የትንሣኤን በዓል ምክንያት በማድረግ አድማጮች በስልክ ላቀረቧቸው ጥያቄዎች የስፖርት ሕክምና ባለሙያው የሰጡት መልስ እንደሚከተለው ቀርቧል።

ከገርጂ የደወሉ አድማጭ፦ በሳምንት አራት ቀን ጂም እሠራለሁ። ከፋሲካ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ በየዘመዱ ቤት ስለምጠራ የለፋሁበት ሁሉ ከንቱ እንዳይቀር እሰጋለሁ። ማታ ሠርቼ በቀጥታ ወደ ግብዣ ብሄድስ?

መልስ፦ ከንቱ አይቀርም፣ ወንድሜ። ለወራት ሳያቋርጥ የሠራ ሰው ሁለትና ሦስት ሳምንት ቢያርፍ የጡንቻው ጉልበት ብዙም አይቀንስም። ቀድሞ የሚወርደው የልብና የሳንባ ብቃት ሲሆን፣ እርሱም ቢሆን ጎልቶ የሚታወቀው ከ10 እስከ 14 ቀን ገደማ ካለፈ በኋላ ነው። በበዓሉ ሳምንት አራቱን ቀን ወደ ሁለት ዝቅ አድርገው፣ የሚያነሡትን ክብደት ሳይቀንሱ ዙሩን ብቻ ቢቀንሱ፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ይበቃዎታል። የፋሲካን ዕለት ግን ሙሉ በሙሉ ይተዉት፤ ሌሊቱን በቅዳሴ ቆሞ ያደረና ከ55 ቀን ጾም በኋላ ቅቤ የበዛበት ዶሮ ወጥ የቀመሰ ሰው የሚያስፈልገው እንቅልፍ ነው።

ማታ ሠርቶ በቀጥታ ወደ መጠጥ መሄድን አልመክርም። ጡንቻ የሚገነባው በልምምዱ ሰዓት ሳይሆን ከልምምዱ በኋላ ባሉት ሰዓታት ነው። በ2014 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመ ጥናት፣ ከልምምድ በኋላ ብዙ አልኮል የጠጡ ወንዶች ፕሮቲን ጨምረው ቢወስዱም የጡንቻ ግንባታቸው በ24 በመቶ ቀንሶ መገኘቱን አሳይቷል። በጥናቱ የተሰጠው መጠን ከባድ ስለነበር አንድ ብርጭቆ ጠላ ያንን ያህል ይጎዳል ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ጠዋት ሠርተው፣ በቂ ምግብ በልተው፣ ማታ ቢጋበዙ ሁለቱ አይጋጩብዎትም።

ከሽሮ ሜዳ የደወሉ አድማጭ፦ በበዓል ማታ ጠጅ ከጠጣሁ በማግሥቱ ማለዳ ወደ እንጦጦ ወጥቼ እሮጣለሁ። መጠጡን በላብ ማስወጣት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም፤ ይህን ልማድ እንዲተዉ አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ከጠጡት አልኮል ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን የሚያስወግደው ጉበት ነው። በላብ፣ በሽንትና በትንፋሽ የሚወጣው እጅግ ጥቂት ሲሆን፣ ሩጫ የጉበትን ሥራ አያፋጥነውም። በቁጥር እንየው። የአልኮል ይዘቱ 10 በመቶ የሆነ ግማሽ ሊትር ጠጅ ወደ 40 ግራም የሚጠጋ ንጹሕ አልኮል አለው። ጉበት በሰዓት በአማካይ ከ7 እስከ 10 ግራም ስለሚያስወግድ፣ ያ ግማሽ ሊትር ብቻ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይፈጃል። የቤት ጠጅ ደግሞ ጥንካሬው ከጋን ጋን ስለሚለያይ ስሌቱ ከዚህም ሊከፋ ይችላል። እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሲጠጣ ያመሸ ሰው ንጋት ላይ ጫማውን ሲያስር አልኮሉ ገና በደሙ ውስጥ ሊኖር ይችላል።

አልኮል ሽንት ስለሚያበዛ ሰውነት ውኃ አጥቶ ያድራል፤ እንቅልፍንም ይቆራርጣል፤ ብዙ ከተጠጣ በኋላ ደግሞ የልብ ምት የሚዛባባቸው ሰዎች አሉ። በዚህ ላይ ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን አየሩ የሳሳ ዳገት ሲጨምሩበት፣ ጤና ፍለጋ የወጡበት ሩጫ ለአደጋ ያጋልጥዎታል። በዚያ ቀን ውኃና ሾርባ ጠጥተው፣ ከሰዓት በኋላ በሜዳ ላይ በእግር ቢንሸራሸሩ ይበቃል። የልብ ምት መዛባት፣ የደረት ሕመም ወይም ራስን የመሳት ስሜት ከመጣ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ስማቸውን ያልገለጹ አድማጭ፦ ከመጠጥ ማግሥት ራስ ምታት ሲይዘኝ ማስታገሻ ውጬ ጂም እገባለሁ። ጉዳት አለው?

መልስ፦ አለው። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ከአልኮል ጋር ጨጓራን ሊያደሙ ይችላሉ፤ ፓራሲታሞልም አዘውትሮ ለሚጠጣ ሰው ጉበት አደገኛ ነው። ውኃ ይጠጡ፣ ይብሉ፣ ይተኙ፤ ጂሙ ለነገ ይቆይ።

ከሳሪስ የደወሉ አድማጭ፦ ለሩጫ ውድድር እየተዘጋጀሁ ስለሆነ መጠጥ ትቻለሁ። ነገር ግን አክስቶቼ «አፈር ስሆን፣ በሞቴ» ሲሉኝ እምቢ ማለት ነውር ሆኖ ይሰማኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል፤ በእኛ ዘንድ እምቢታ መጠጡን ሳይሆን ሰውየውን እንደ መግፋት ይቆጠራልና። ስለዚህ እምቢታዎ መጠጡን ብቻ የሚመለከት መሆኑ እንዲታይ ያድርጉ። ገና ሲገቡ፣ ብርጭቆ ከመቀዳቱ በፊት፣ ለአክስትዎ ለብቻቸው ምክንያቱን ይንገሯቸው፤ በሰው ፊት ከሚመልሱት ይልቅ እንዲህ ማድረጉ ክብራቸውን ይጠብቃል። ከዚያ ከወጡም ከአይቡም ጎረስ ያድርጉ፣ ጉርሻውን ይቀበሉ፣ ብርዝ ካለ ይጠይቁ። ምግቡን በደስታ የሚበላ እንግዳ ስለ መጠጥ ብዙም አይጨቀጨቅም።

ለጋባዦችም የምለው አለኝ። ከጾም የወጣን ባዶ ሆድ በአረቄ መቀበል ፍቅር መስሎን የምናደርገው ቢሆንም፣ አልኮል ምግብ ከሌለበት ሆድ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ፈጥኖ ነው። እንግዳው አስቀድሞ ይብላ፤ ከጠላው ጎን ውኃና ብርዝ ይቀመጥ። አልጠጣም ያለውንም ሰው አትጫኑት፤ ምናልባት ማታ መኪና ይዞ ቤተሰቡን ወደ ቤት የሚመልሰው እርሱ ሊሆን ይችላል።