አሜሪካ ውስጥ ፀጉር ቀለም ስንቀባ ጉርሻው ስንት ይሁን?

(ምስል፦ የሳሎን ሒሳብ መክፈያ፤ ስክሪኑ ወደ ደንበኛዋ ሲዞር)

ተራኪ፦ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ፣ ቀለም ተቀብታችሁ ስትነሱ መክፈያው ላይ ያለው ስክሪን ወደ እናንተ ይዞራል። 18፣ 20፣ 25 በመቶ ይላል። የሠራችላችሁ ባለሙያ አጠገባችሁ ቆማለች። ይሉኝታ የያዘው ሰው ከአቅሙ በላይ ይጫናል፤ የደነገጠው ደግሞ ዜሮ ነክቶ ይወጣል። ስለዚህ ሒሳቡን ቤታችን ሆነን እንሥራው።

አሜሪካ ውስጥ በሳሎን የተለመደው ጉርሻ ከ15 እስከ 20 በመቶ ነው። ለቀለም ሥራ ግን 20ን መነሻ አድርጋችሁ ያዙ። የዋጋውን አሥር በመቶ ወስዳችሁ በሁለት ማባዛት ነው፤ 180 ዶላር ከሆነ አሥር በመቶው 18፣ እጥፉ 36 ዶላር። የምታሰሉት ታክስ ሳይጨመር ባለው ዋጋ ላይ ነው። ቅናሽ ካገኛችሁ ግን ከቅናሹ በፊት ባለው ዋጋ አስሉ፤ የቀነሰው ክፍያው እንጂ የባለሙያዋ ድካም አይደለም።

(ምስል፦ እጅ፣ ብሩሽና ፎይል በቅርበት)

ለምን ቀለም ላይ እንዲህ አጠብቃለሁ? እጇን ተመልከቱ። ጥቁር ፀጉርን ወደ ወርቃማ ለማምጣት ፀጉሩን በስሱ እየከፈለች፣ የፀጉሩን ቀለም የሚያስለቅቀውን ብሊች በብሩሽ እየቀባች፣ እያንዳንዱን በፎይል ትጠቀልላለች። ከዚያ ፎይሉን እየገለጠች ታያለች። ጥቁሩ መጀመሪያ ቀይ፣ ቀጥሎ ብርቱካናማ ይሆናል፣ በመጨረሻም ቢጫ። ቀድማ ካጠበችው ብርቱካናማ ሆኖ ይቀራል፤ ካዘገየችው ፀጉሩ ይሰባበራል፣ የራስ ቆዳም ሊቃጠል ይችላል። እንደኛ ላለ ጥቅልልና ደረቅ ለሚል ፀጉር ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ ነው። ከታጠበ በኋላ ቢጫነቱን የሚያለሰልስ ሌላ ቀለም ይደረብበታል። ሥራው ሦስትና አራት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ አብዛኛውን የምታሳልፈው ቆማ ነው።

የከፈላችሁት ሁሉ ደግሞ ኪሷ አይገባም። በኮሚሽን የምትሠራ ከሆነ ሳሎኑ ድርሻውን ያነሣል። ወንበር ተከራይታ የምትሠራ ከሆነ ኪራዩንም ቀለሙንም የምትችለው ራሷ ናት። ጉርሻው ግን የእሷ ነው፤ ከ2018 ወዲህ የፌዴራሉ ሕግ ቀጣሪም ሆነ ሥራ አስኪያጅ የሠራተኛን ጉርሻ እንዳይወስድ በግልጽ ይከለክላል።

ፀጉራችሁን ያጠበችውን ረዳት አትርሱ። ብዙ ጊዜ ሙያውን ገና በመማር ላይ ያለች ወጣት ናት፤ ስክሪኑ ላይ የጫናችሁት ላይደርሳት ይችላል። 5 ወይም 10 ዶላር በጥሬው፣ በእጇ ስጧት።

የሳሎኑ ባለቤት ራሷ ከሠራችላችሁስ? የቀድሞው ልማድ ለባለቤት ጉርሻ አይሰጥም የሚል ነበር። ዛሬ ብዙዎች ይሰጣሉ፤ ግዴታ ግን የለበትም።

የአገር ልጅ ስትሆን ነገሩ ይከብዳል። «እንቀራረባለን» በሚል ዋጋ አስቀንሶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ጉርሻ ሳይሰጡ መሄድ አለ። ይህ ያንገበግበኛል። ቅናሹን ያደረገችላችሁ ከራሷ ገቢ ቆርሳ ነው፤ ለእሷማ ሙሉ ጉርሻ ይገባታል።

ቀለሙ እንዳሰባችሁት ካልወጣ ጉርሻ ከልክላችሁ አኩርፋችሁ አትውጡ። እዚያው ወንበሩ ላይ ሳላችሁ ንገሯት። ብዙ ሳሎኖች በጥቂት ቀናት ውስጥ ከተመለሳችሁ ያለ ክፍያ ያስተካክላሉ። ጥፋቱ የሥራው ከሆነ ለማስተካከያው ጉርሻ አይጠበቅባችሁም። ሐሳባችሁን የቀየራችሁት እናንተ ከሆናችሁ ግን የሁለተኛው ቀን ድካምም ይከፈልበት።

(ምስል፦ የስልክ ካልኩሌተር)

ገንዘብ ሲያጥርስ? ቀጠሮ ስትይዙ ዋጋውን ጠይቁና አንድ አምስተኛውን (20 በመቶ) ጨምሩበት። 250 ዶላር ነው ካሏችሁ ወጪያችሁ ከታክሱ በፊት 300 ነው። 300 ከሌላችሁ ሙሉውን ትታችሁ ፊት ዙሪያውን ብቻ፣ ወይም ሽበት ያለበትን ሥር ብቻ አሠሩ። በአነስተኛው ሥራ ላይ ተገቢውን ጉርሻ መስጠት ይቻላል፤ በትልቁ ሥራ ላይ ግን የሚጎድለው ከእሷ ነው።