ለቻድ ጌብል፣ በራሱ ስም

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ አብራችሁ የመጣችሁ ባለቤቶችና ልጆች፣ «ይሄ ሬስሊንግ ምናችሁ ነው?» እያላችሁም ቢሆን መኪና ነድታችሁ ያደረሳችሁን ዘመዶች፣ እንደምን አመሻችሁ! እንኳን ለ2026 ዓመታዊ ስብሰባችን በሰላም አደረሰን።

የሒሳብ ሪፖርቱን ገንዘብ ያዣችን ያቀርቡታል። ምርጫውን ደግሞ ጸሐፊያችን ይመሩታል። እኔ የተሰጠኝን ደቂቃ በሙሉ በአንድ ሰው ልጨርሰው ነው። ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። አምናም ስለሱ ነበር ያወራሁት። ምን ላድርግ፣ የደብሊው ደብሊው ኢ፣ የዚያ የአሜሪካ ትልቅ የሬስሊንግ ድርጅት፣ አለቆች አልሰሙኝማ!

ሬስለሩ ቻድ ጌብል የሚኒሶታ ልጅ ነው። ያደገው ሴንት ማይክል ነው፤ ከሚኒያፖሊስ ብዙም አይርቅም። በ2012 የለንደን ኦሎምፒክ በግሪኮ ሮማን ትግል፣ በ84 ኪሎ፣ አሜሪካን ወክሎ ገብቷል። ሜዳሊያ አላመጣም። ቢሆንም ከእውነተኛው ኦሎምፒክ ወደ ሬስሊንግ የመጣ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። የመድረክ ስሙንም ከዳን ጌብል ነው የወሰደው። ዳን ጌብል ማለት በ1972 ሙኒክ ላይ አንድም ነጥብ ሳይቆጠርበት ወርቅ የወሰደው ታጋይ ነው። እንግዲህ ይህን የሚያህል ስም ሰጥተውት፣ ሥራ ግን ነፈጉት።

አንዳንዶቻችሁ «በእርግጥ ይችላል ወይ?» ትላላችሁ። እስቲ ያችን የመጨረሻ ውርወራውን ልብ ብላችሁ እዩዋት። ከኋላ መጥቶ ወገብ ይይዛል። እጁን ይቆልፋል። ሰውየውን እንዳቀፈ መሬት ላይ ይንከባለላል። ተንከባሎ ሲጨርስ በሁለት እግሩ ቆሟል፣ እጁ አሁንም አልተፈታም። በዚያው ፍጥነት አንስቶ በራሱ ላይ ያሳልፈዋል። ሰውየው በትከሻው ሲያርፍ ጌብል በእግሩ ጣቶችና በአንገቱ ብቻ ድልድይ ሠርቶ ዳኛው እስከ ሦስት እስኪቆጥር ይጠብቃል። የድርጅቱ የዓመቱ ትልቁ ትርኢት በሆነው ሬስልማኒያ፣ በ39ኛው ላይ ደግሞ ብራውን ስትሮማንን የሚያክል ግዙፍ ሰው ከወገቡ ይዞ ወደ ኋላ ወረወረው። የጌብል ቁመት እኮ 1 ሜትር ከ72 ገደማ ነው!

ቁመቱን ካነሳን አይቀር፣ በ2019 የሆነውን አንርሳ። የኪንግ ኦፍ ዘ ሪንግ ውድድር ፍጻሜ ድረስ ደርሶ በባረን ኮርቢን ተሸነፈ። እሺ፣ መሸነፍ ያለ ነው። ከዚያ ግን ስሙን «ሾርቲ ጂ» አሉት። አጭሩ ማለታቸው ነው። የቅርጫት ኳስ ማሊያ የመሰለ ነገርም አለበሱት። የኦሎምፒክ ታጋይ አንድ ዓመት ገደማ በዚህ ስም ሲሳቅበት ከረመ። ለማን አቤት ይባላል?

በጥንድ ግን ሠርቷል። ከጄሰን ጆርዳን ጋር፣ ከቦቢ ሩድ ጋር፣ ከኦቲስ ጋር የሻምፒዮንነት ቀበቶ አግኝቷል። ይህን አልክድም። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው።

2023ን አስታውሱ። ጉንተር የሚባለው ታጋይ ከዋናው የዓለም ቀበቶ ዝቅ የሚለውን የኢንተርኮንቲኔንታል ቀበቶ ይዞ አንድ ዓመት አልፎታል፤ የሚያስጥለው ጠፍቷል። ኦገስት ላይ ጌብል ገጠመውና ጉንተር ከሪንግ ውጭ ሆኖ ዳኛው ቆጥሮ ስለጨረሰ አሸነፈው። በደንቡ ግን በቆጠራ ቀበቶ አይቀየርም። ሴፕቴምበር 4 ድጋሚ ገጠሙ። ያን ሰኞ ማታ ያላየ ካለ ዛሬውኑ ቤቱ ገብቶ ይይ። ጉንተር ደረቱን በመዳፉ ሲያጮለው ድምፁ ከሳሎን አልፎ ጓዳ ይሰማ ነበር። ጌብል ይወድቃል፣ ይነሳል፣ እንደገና ወገብ ይይዛል። አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ። ቤተሰቡ ከሪንጉ አጠገብ ተቀምጠዋል። በመጨረሻ ተሸነፈ፤ ካሜራው ወደ ትንሿ ልጁ ዞረ። ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች። እኛ ቤትም ደህና የሆነ ሰው አልነበረም።

ከአራት ቀን በኋላ ጉንተር ከ1988 ጀምሮ ሳይደፈር የቆየውን፣ ያንን ቀበቶ ሳይነጠቁ የመያዝ የ454 ቀን ሪከርድ አለፈ። በሚቀጥለው ዓመት ሳሚ ዜይን በሬስልማኒያ 40 ጉንተርን አሸንፎ ቀበቶውን ወሰደ። ለዚያ ግጥሚያ ሳሚን ሲያሠለጥን የከረመው ማን ሆነ? ጌብል! የሰው ማሟሻ አድርገው አስቀሩት ማለት ይህ ነው።

ችግሩ ሰውየው አለመቻሉ አይደለም። በጣም መቻሉ ነው የጎዳው። ከማንም ጋር ብታጋጥሙት ያኛውን ጥሩ ያስመስለዋል። አዲስ ልጅ ሲመጣ «ከጌብል ጋር አጋጥሙት» ይባላል። እንዲህ ያለ ሰው አለቃ ይወደዋል፤ ዕድገት ግን አይሰጠውም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ በየመሥሪያ ቤታችሁ ይህን የምታውቁ እንዳላችሁ ከፊታችሁ ይነበባል።

ጭንብሉ ደግሞ አለ። በ2025 «ኤል ግራንዴ አሜሪካኖ» ብለው ጭንብል አጠለቁለት። እውነቱን ልናገር፣ ሳቅሁ። ጎበዝ ኮሜዲያን ነው። ሬስልማኒያ 41 ላይ ሬይ ፌኒክስን ያሸነፈውም ጭንብል አጥልቆ ነው። በዚያው ዓመት ስፒድ የሚሏትን፣ በደቂቃ ተቆጥራ የምታልቀውን ግጥሚያ ቀበቶም ወሰደ። ብቻውን ያገኛት ቀበቶ እሷ ናት፤ እሷንም ፊቱን ሸፍኖ፣ በሌላ ስም። ከዚያ ተጎድቶ ከሪንግ ራቀ። ጭንብሉን ሌላ ሰው አጠለቀውና ትርኢቱ ቀጠለ። እስቲ ፍረዱ። ቀልዱን እንኳ ለብቻው አልተዉለትም።

«ይሄ ሁሉ እኮ ተጽፎ የሚሠራ ድራማ ነው፣ ምን ያናድዳችኋል?» የሚሉ አሉ። አንዷ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች፣ ስም አልጠራም፣ ቤት አብረን ነው የምንገባው። ለእነሱ መልሴ ይህ ነው። በኦሎምፒክ ብትሸነፍ ያኛው በልጦህ ነው፤ ታለቅሳለህ፣ ይወጣልሃል። እዚህ ግን ሽንፈትህን ቢሮ ቁጭ ብሎ የሚጽፍልህ ሰው አለ። ከአሥር ዓመት በላይ ያንኑ መጻፍ ውሳኔ ነው። ውሳኔ ደግሞ ይቀየራል። ሲቀየርም አይተናል።

ኮፊ ኪንግስተንን ታስታውሳላችሁ። ጋና የተወለደው ኮፊ 11 ዓመት ሙሉ ሲያስጨበጭብ ኖሮ ለዋናው ቀበቶ አልታሰበም። በ2019 ሙስጠፋ አሊ የሚባል ሌላ ታጋይ ተጎዳና ኮፊ በእሱ ቦታ ተተካ። ሕዝቡ ስሙን መጥራት ጀመረ፤ እምቢ ብሎም አላቆምም አለ። ኤፕሪል 7 ሬስልማኒያ 35 ላይ ዳንኤል ብራያንን አሸንፎ ቀበቶውን ሲያነሳ፣ አፍሪካ የተወለደ የመጀመሪያው የደብሊው ደብሊው ኢ ሻምፒዮን ሆነ። ያን ቀን ስልኬ መጮኹን አላቆመም። ኦክቶበር ላይ ብሮክ ሌስናር በሰከንዶች ውስጥ እንደነጠቀውም አውቃለሁ። ሌስናርም የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ታጋይ ነበር፣ ግን ለዚያች ማታ ይቅር አልለውም። ቢሆንም ያ ቀበቶ ለኮፊ የተሰጠው ሰው ስለጮኸ ነው።

ለጌብል ዋናውን የዓለም ቀበቶ ስጡት አልልም፤ ቢሰጡት ግን አልጣላም። ምኞቴ ልከኛ ነው። ኢንተርኮንቲኔንታል ወይም የዩናይትድ ስቴትስ ቀበቶ፣ በራሱ ስም፣ በራሱ ፊት። በየሳምንቱ 15 ደቂቃ የሚታገልበት ጊዜ። ለወራት ብቻ ይሁን፣ አመስግነን እንቀበላለን። 40 ዓመት የሚሞላው በማርች 2026 ነው፣ «ይደርሳል» የሚባልበት ጊዜ አልፏል።

ኦገስት 1 እና 2 ሳመርስላም፣ የደብሊው ደብሊው ኢ የበጋው ትልቅ ትርኢት፣ እዚሁ ሚኒያፖሊስ፣ ዩ ኤስ ባንክ ስታዲየም ነው። በገዛ አገሩ፣ በገዛ ሕዝቡ ፊት። ከዚህ የተሻለ ቀን መቼ ሊገኝ ነው? ስለዚህ ሥራ እንካፈል። ቲኬት የምትገዙ ለየብቻ አትግዙ፣ አንድ ላይ እንቀመጥ። እሱ ሲወጣ ስሙን እንጥራ፤ የጭንብሉን ስም ሳይሆን የእሱን። እናቶች፣ እልልታውን አቅልጡት፤ ስታዲየሙ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቶ አያውቅም፣ ካሜራውም መዞሩ አይቀርም። ፖስተሩን ልጆቹ በአማርኛ ይጻፉ፦ «ቀበቶውን ስጡት!» ፊደሉ እንዳይሳሳት ታላላቆች እዩላቸው።

ካርቶንና ቀለም ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አለ። የቲኬት መዝገቡን ጸሐፊያችን ይዘውታል፤ ከእራት በፊት ስማችሁን አስመዝግቡ፣ ከእራት በኋላ ማንም አይሰማኝም።

ጉባኤው በይፋ ተከፍቷል። ገንዘብ ያዣችን፣ ይምጡ እንግዲህ፣ ሒሳቡን ያሰሙን።